የተጠገነውን መጠገን፦ የኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃ እድሳትና የታሪክ ማስረጃነቱ

መግቢያ

የአሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃ እድሳት ሲነሣ በቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ «መሣሪያው ወደ ቀድሞ መልኩ እንዴት ይመለሳል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም፣ ጠመንጃው አንድ የቀድሞ መልክ ብቻ እንደ ነበረው አስቀድሞ የሚወስን ነው። በሠራዊት እጅ ለዐሥርት ዓመታት ያገለገለ መሣሪያ ግን ተደጋግሞ ተፈትቷል፤ ክፍሎቹ ተለዋውጠዋል፤ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደርቦበታል። ስለዚህ አንድ የቅርስ ባለሙያ ወይም የታሪክ ተመራማሪ እጅ ሲገባ፣ መሣሪያው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ብዙ እጆች የጻፉበት ሰነድ ነው።

ይህ ጽሑፍ ኤም ዋን ጋራንድ የተባለውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በአብነት በመውሰድ፣ ቀደምት ጥገናዎች የመሣሪያው ታሪክ አካል እንጂ መወገድ ያለባቸው ጉድለቶች እንዳልሆኑ ያስረዳል። ከዚህም በመነሣት በብረቱ፣ በእንጨቱና በተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ላይ የሚደረገው ሥራ ምን ዓይነት ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. መሣሪያውና አሠራሩ

የጠመንጃው ንድፍ ባለቤት በ1888 በካናዳ ኩቤክ ግዛት የተወለደው ጆን ጋራንድ ነው። ጋራንድ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ጠመንጃው በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆኖ ጸደቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከስፕሪንግፊልድ ጋር የዊንቸስተር ኩባንያ አመረተው፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር እና ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ተጨመሩበት። በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

አሠራሩ በጋዝ ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። ጥይቱ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲቃረብ፣ ከተቃጠለው ባሩድ የሚወጣው ጋዝ በከፊል በአፈሙዙ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ አልፎ ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ ይገባል። ግፊቱ ረጅሙን ማንቀሳቀሻ ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዘንጉ መቀርቀሪያውን አዙሮ ይከፍታል፤ ባዶው ቀለህ ወጥቶ ይወረወራል፤ የተጨመቀው ሞላም ዘንጉን ወደ ፊት መልሶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ስምንቱ ጥይቶች በአንድ የብረት ማቀፊያ ታስረው በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ማቀፊያው ራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ይህ አሠራር ለእድሳት ባለሙያው ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ ጠመንጃው ከኋላው የተዘጋ በመሆኑ አፈሙዙ የሚወለወለው ከፊት ጫፉ ነው። ስለዚህ የመወልወያው ዘንግ በብዙ ዓመታት የአፈሙዙን ጫፍ ይሞርደዋል፤ በዚያ የሚታየው መላላት የተኩስ ብዛት ብቻ ሳይሆን የጽዳት ብዛትም ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ የማንቀሳቀሻው ዘንግ በእያንዳንዱ ተኩስ ከባድ ጫና ስለሚሸከም፣ የመሣሪያው የጥገና ታሪክ ጎልቶ የሚነበብበት ክፍል እርሱ ነው።

2. ጠመንጃው በራሱ ላይ የያዘው መዝገብ

በብዙ የኤውሮጳ ጠመንጃዎች ላይ አንዱ መለያ ቁጥር በተለያዩ ክፍሎች ይደጋገማል። ኤም ዋን ግን እንዲህ አይደለም። መለያ ቁጥሩ የሚገኘው መቀርቀሪያው በሚንቀሳቀስበት ዋና የብረት አካል ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዋና ዋና ክፍሎች የሚይዙት የንድፍ ቁጥርንና የአምራቹን ምሕጻር ነው። ለምሳሌ በመቀርቀሪያው ላይ 28287 የሚል የንድፍ ቁጥር ይገኛል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ንድፉ ስንት ጊዜ እንደ ተሻሻለ ያመለክታል። በስፕሪንግፊልድ አፈሙዞች ላይም የተሠሩበት ወርና ዓመት ተመቷል።

ሠራዊቱ ያረጁ ጠመንጃዎችን ወደ መጠገኛ ግምጃ ቤቶች ሲመልስ፣ ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ጠመንጃ በነበሩት ክፍሎች መልሰው የመገጣጠም ግዴታ አልነበረባቸውም። ክፍሎቹ ተፈትተው፣ ተመርምረው፣ ደኅና የሆነው ሁሉ እንደ ተገኘ ይገጠም ነበር። ሥራው ሲያበቃ የግምጃ ቤቱ ምሕጻር በእንጨቱ ላይ ይመታል።

የዚህን ትርጉም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ዋና አካሉ በ1943 በስፕሪንግፊልድ የተሠራ፣ መቀርቀሪያው የዊንቸስተር፣ አፈሙዙ 1952 የሚል ማኅተም ያለበት፣ እንጨቱም የግምጃ ቤት ምሕጻር የያዘ ጠመንጃ ቀረበ እንበል። ሰብሳቢው «የተደባለቀ» ብሎ ዋጋውን ሊያሳንሰው ይችላል። ለተመራማሪው ግን ጠመንጃው ቢያንስ ሁለት ዘመን ይናገራል፤ በዓለም ጦርነቱ ወቅት ተሠርቶ፣ ከ1952 ባልቀደመ ጊዜ አዲስ አፈሙዝ ተተክሎለታል። አንድ ሰው «ለማስተካከል» ብሎ የ1952ቱን አፈሙዝ አውጥቶ የ1943 አፈሙዝ ቢተክልበት፣ የሚገኘው መልክ ያማረ ይሆናል፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ይሆናል።

ሠራዊቱ ራሱ ያጠፋው ማስረጃም አለ። የመጀመሪያዎቹ ኤም ዋን ጠመንጃዎች ጋዙን የሚወስዱት በአፈሙዙ ላይ ካለ ቀዳዳ ሳይሆን ከጫፉ ፊት በተገጠመ ወጥመድ ነበር። ይህ ንድፍ በ1940 ሲለወጥ፣ ቀድሞ የተሠሩት አብዛኞቹ ጠመንጃዎች ወደ አዲሱ ንድፍ ተቀየሩ። በመሆኑም በመጀመሪያው ይዞታቸው የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። የሠራዊቱ ዓላማ ሠራዊቱን ማስታጠቅ ስለ ነበር ሊወቀስ አይችልም። የዛሬው ባለሙያ ግን ዓላማው ሌላ በመሆኑ ያንኑ ልማድ ሊከተል አይገባም።

3. የጣልቃ ገብነት ወሰን

በ1964 የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር የሕንፃ ቅርሶችን የሚመለከት ቢሆንም፣ ሦስት መርሖዎቹ ለዚህ ሥራ ይጠቅማሉ። እነርሱም እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት፣ የየዘመኑ ተገቢ አሻራ ሊከበር እንደሚገባው፣ የጎደለውን የሚተካው አዲስ ክፍልም ከነባሩ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚገባ የሚገልጹት ናቸው።

ሀ) ብረት። የኤም ዋን ግራጫማ ገጽ ብረቱን በፎስፌት በማከም የተገኘ ሽፋን ነው። አሲድነት ያላቸው የዝገት ማስለቀቂያዎች ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ ሽፋን አብረው ያሟሟሉ። ስለዚህ በቅድሚያ ሕያው ዝገትን ከረጋው መለየት ያስፈልጋል። ብርቱካንማና ዱቄት መሰሉ ዝገት እየበላ ያለ ነውና በቀላል ዘይትና በለስላሳ የነሐስ ሽቦ ጥጥ ይነሣል። ጠቁሮ የረጋው ግን በቦታው ሊቆይ ይችላል። የጋዝ ሲሊንደሩ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በመሆኑ ጥቁር ቀለሙን የያዘው በሌላ ዘዴ ነው፤ ቀለሙ መላጡ የአገልግሎት ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም።

የአፈሙዙ ውስጥ ልዩ ትኩረት ይሻል። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደራዊ የጠመንጃ ጥይት መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ሲቃጠል የሚተወው ጨው የአየርን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። በመሆኑም በተጣራ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ማሳለፍ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያም በስሱ ዘይት መቀባት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

ለ) እንጨት። የጠመንጃው እንጨት በአብዛኛው የአሜሪካ ዋልነት ሲሆን፣ በተልባ ዘይት ይታሽ ነበር። የተቆጣጣሪ መኰንኖች ማኅተሞችና የግምጃ ቤት ምሕጻሮች የተመቱት እንጨቱ ላይ ነው፤ ጥልቀታቸውም በጣም አነስተኛ ነው። በአሸዋ ወረቀት የተደረገ ጥቂት ደቂቃ ፍተጋ የብዙ ዐሥርት ዓመታትን መዝገብ ይሰርዛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጠፋውን ማኅተም በአዲስ መምቻ መልሶ መምታት ነው፤ ይህ እድሳት ሳይሆን ሰነድ ማጭበርበር ነው። አዲስ የተልባ ዘይት መጨመርም ቢሆን ለቅርስ አይመከርም። ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ እንጨቱን እያጠቆረ ይሄዳል፤ በኋላም በቀላሉ አይወገድም። ቀላል ጽዳትና ስስ የሰም ሽፋን በቂ ነው።

ሐ) ተንቀሳቃሽ ክፍሎች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠሩት ማንቀሳቀሻ ዘንጎች በእጀታቸውና በግንዳቸው መጋጠሚያ ላይ ስል ማዕዘን ነበራቸው። በዚያ ቦታ ስንጥቅ በመታየቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ ማዕዘኑ በግማሽ ክብ ተቆርጦ እንዲለዝብ ተደረገ። ያልተቆረጠ ዘንግ ዛሬ ብርቅ ነው። ጠመንጃው ለዐውደ ርእይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ዘንጉን መቁረጥ ምንም ምክንያት የለውም። በሕግ በተፈቀደ ቦታ የሚተኮስበት ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ነባሩን ዘንግ መሞረድ ሳይሆን በተቆረጠ ዘንግ ተክቶ ነባሩን ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ለደከመ ሞላም እንዲሁ ይደረጋል።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ማንኛውም ሥራ የሚጀምረው መሣሪያው ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። የጥይት መጉረሻው ክፍል በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ለምርመራ መቀርቀሪያው በሚከፈትበት ጊዜ ሞላው በድንገት ሊመልሰውና አውራ ጣትን ሊቀጠቅጥ ስለሚችል፣ ዘንጉ በሌላው የእጅ ክፍል ተደግፎ ይያዛል። ሥራው ሁሉ የአገሩ የጦር መሣሪያ ሕግ በሚያዘው ፈቃድ መከናወን እንዳለበትም ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ሳይጸዳና ሳይፈታ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ይፈታል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ማኅተምና ቁጥር በመዝገብ ይሰፍራል። ሕያው ዝገትና ጨው ይወገዳሉ። በመጨረሻም የተደረገው ሁሉ፣ የተቀባው ዘይትና ሰም ጭምር፣ ከነቀኑ ይጻፋል። ከዚህ ውስጥ መዝገቡ የሚጎድል ከሆነ የተቀረው ሥራ ምንም ያህል ቢያምር ያልተሟላ ነው፤ የሚቀጥለው ባለሙያ የሠራዊቱን አሻራ ከእድሳቱ አሻራ የሚለይበት መንገድ አይኖረውምና።

5. ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የውጭ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1951 ኮሪያ የደረሰው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነበር። በ1953 ከተፈረመው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመከላከያ ርዳታ ስምምነት በኋላም ኤም ዋን በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ አገልግሏል።

በመሆኑም ኢትዮጵያ ውስጥ ያገለገለ አንድ ኤም ዋን ሦስት ንብርብር ሊኖረው ይችላል፦ የፋብሪካው፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤቱና የኢትዮጵያ አገልግሎቱ። የመጨረሻው ንብርብር በፋብሪካ ማኅተም ስላልተጻፈ ለጥፋት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በሰደፉ ላይ በእጅ የተቀረጸ ቁጥር፣ የተሰነጠቀ እንጨት የታሠረበት ቆዳ ወይም ሽቦ፣ የአገር ውስጥ አንጥረኛ የሠራው ምትክ ብሎን «ከንድፉ ውጭ» ተብሎ ሊወገድ የሚችል ሲሆን፣ መሣሪያው በኢትዮጵያውያን እጅ መቆየቱን የሚመሰክረው ግን ምናልባት እርሱ ብቻ ነው። በአንጻሩ እንዲህ ያለው ምልክት በራሱ አንድ ጠመንጃ ኮሪያ መዝመቱን አያረጋግጥም፤ ለዚያ የጽሑፍ ሰነድ ወይም የታመነ የቃል ምስክርነት ያስፈልጋል። ከቁሳዊ ማስረጃ ላይ ከሚገባው በላይ መደምደምም እንደ መፋቅ ሁሉ ማስረጃውን ይጎዳል።

ማጠቃለያ

የኤም ዋን ጋራንድ አብነት እንደሚያሳየው፣ በሠራዊት ያገለገለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ወጥ የሆነ የቀድሞ መልክ የለውም። ያለው ተከታታይ የአገልግሎት መልክ ነው። የእድሳት ባለሙያው ተግባር ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መሠረዝ ሳይሆን፣ ጥፋቱን አስቁሞ ሁሉንም ተነባቢ አድርጎ ማቆየት ነው። ዝገት ይቁም፤ ጨው ይታጠብ፤ አደገኛ ክፍል ይተካ፤ የተተካውም ይቀመጥ። ማኅተም፣ ጭረትና የቀድሞ ጠጋኝ እጅ ግን በቦታቸው ይቆዩ። ያልተነካ ገጽ ወደፊት በተሻለ ዘዴ ሊመረመር ይችላል፤ የተፋቀን ማኅተም ግን የትኛውም ዘዴ በእምነት አይመልሰውም።