«ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ለምን አያዋጣም? የገቢ ዕቃ ታሪፍ አመዳደብ ለከብት ነጋዴዎች

ከብቱን ሽጦ የሚመለስ ነጋዴ መኪናውን ባዶ አያመጣም። በሞያሌ በኩል ሲመለስ የሚጭነው ቅይጥ ነው፤ ቆርቆሮ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ ሰንሰለት፣ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ጓጉንቸር፣ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ፣ የወተት ጣሳ። ሻጩ ሁሉንም በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ብሎ ኢንቮይስ ይጽፋል። ትራንዚተሩም አንድ ኮድ መርጦ ዲክላራሲዮኑን ይሞላል። ፈታሹ ጭነቱን ሲከፍት የሚያገኘው ግን ስምንት ዓይነት ዕቃ ነው። ያን ጊዜ የቀረጥ ልዩነት ይሰላል፣ ቅጣት ሊከተል ይችላል፣ መኪናው የቆመበት ቀን ሒሳብም በባለንብረቱ ላይ ይወድቃል።

የታሪፍ ኮድ የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣቸው፣ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ የሚሠራባቸው ናቸው። ኢትዮጵያም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም በላዩ ሁለት ጨምረው በ8 አኃዝ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኬንያዊው ሻጭ የሚያውቃቸው 6 አኃዞች ለኢትዮጵያም መነሻ ይሆናሉ። ምጣኔው ግን የየአገሩ ነው።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ዕቃውን በሚውልበት ሥራ ሲጠራ ነው። «የፓምፕ ዕቃ ነው» ይላል። ፓምፑ ራሱ አንቀጽ 8413 ነው፤ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ክፍልም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላና ሞላ ግን ለፓምፕም ለጋሪም ለበርም የሚሆኑ ናቸው። የታሪፍ መጽሐፉ በክፍል 15 ማስታወሻ 2 «ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ ክፍሎች» ብሎ ለይቷቸዋል። የብረት ከሆኑ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ 7318፣ ሞላ 7320 ይገባሉ። ሳጥኑ ላይ የፓምፕ ሥዕል ቢኖርም፣ ሻጩ ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ቢሸጣቸውም፣ ለመለዋወጫ ተብለው ለብቻቸው እስከመጡ ድረስ የፓምፕ ክፍል አይባሉም። በፓምፑ ላይ ታስረው ከመጡ ግን የፓምፑ አካል ናቸው። በፍተሻ ላይ ክርክር የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ነጋዴውም የሚሸነፈው ስለ ሥራው እየተናገረ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ ነው።

የጭነት ከብት ዕቃም እንዲሁ ነው። ኮርቻ ከነእርካቡ ተሟልቶ ሲመጣ 4201 ነው፤ ይህ አንቀጽ ከምንም ይሠራ ከምን ለእንስሳት የሚሆን ኮርቻና መጎተቻን ይይዛል። እርካብ፣ የልጓም ብረትና ዘለበት ለብቻቸው ከመጡ ግን ከዚያ ወጥተው ወደ ብረታ ብረቱ ክፍል ይመለሳሉ። በከብት አንገት የሚታሰር ቃጭል ደግሞ የራሱ ቦታ አለው፤ 8306 ከቤተ ክርስቲያን ደወል ጋር ጎን ለጎን ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከምን ተሠራ?» ነው። ሰንሰለት የብረት ከሆነ 7315 ነው፤ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ከሆነ ምዕራፉ ይቀየራል። እስከ 300 ሊትር የሚይዝ የወተት ጣሳ የብረት ከሆነ (እስቴንለሱም ብረት ነው) 7310፣ የአሉሚኒየም ከሆነ 7612 ነው። የግመል ወተት ነጋዴዎች ሁለቱንም በአንድ ጭነት ያመጣሉ፤ በማግኔት መለየት አይበቃም፣ እስቴንለስ ብዙ ጊዜ አይያዝምና። ጓጉንቸርና ማጠፊያ ግን በዚህ አያስቸግሩም። ጓጉንቸር ከብረትም ከነሐስም ቢሠራ 8301፣ ማጠፊያም 8302 ነው።

መጠንም ይለያል። የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ከ300 ሊትር በላይ ከያዘ 7309፣ 300 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 7310 ነው። ዚንክ የተቀባ ሞገደኛ ቆርቆሮ ስፋቱ 600 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ 7210 ነው፤ ያነሰው ወደ 7212 ይወርዳል። ተቆርጦና ተበስቶ ለአንድ መጋዘን ግንባታ የተዘጋጀው ደግሞ ምዕራፍ 72ን ለቆ 7308 ይሆናል። የብረት በርና መስኮትም እዚያው ናቸው። ለማጓጓዝ እንዲያመች የተፈታታ በር ሁሉም ክፍሉ አብሮ እስከመጣ ድረስ እንደ በር እንጂ እንደ ቁርጥራጭ ብረት አይመደብም። አጥር የሚሠራ ሰው ሦስት ቦታ ይጠብቀዋል፤ እሾሃማው ሽቦ 7313፣ መረቡ 7314፣ እሾህ የሌለው ተራ ጥቅል ሽቦ 7217።

የአንድ አንቀጽ ስሕተት ዋጋው ስንት ነው? ከነመድንና ማጓጓዣው 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ ሁሉም ታክስ የሚመለከተው ቢሆን፣ ለማስላት ያህል ብቻ በ10 በመቶና በ30 በመቶ እንየው። በ10 በመቶ ቀረጡ 10,000 ነው። በ110,000 ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500፣ በ126,500 ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ 12,650፤ በድምሩ 39,150 ብር። በ30 በመቶ ሲሆን 30,000፣ 19,500 እና 14,950፤ በድምሩ 64,450 ብር። የቀረጡ ልዩነት 20,000 ቢሆንም የሚከፈለው ልዩነት 25,300 ነው፤ ታክሱ በቀረጡ ላይ ስለሚጫን። ሌሎች ክፍያዎች እዚህ አልተቆጠሩም። በኬንያ በኩል የሚያስገባም አይቀልለትም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጋራ ታሪፍ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 ጀምሮ 0፣ 10፣ 25 እና 35 በመቶ እርከኖች አሉት።

ስሕተቱ ሁልጊዜ በመንግሥት ጉዳት አይደለም። ሁሉም በአንድ ከፍተኛ ኮድ ሲጠቃለል ዝቅተኛ ቀረጥ ያለውም ዕቃ አብሮ ይከፍላል፤ ይህን ደግሞ ፈልጎ የሚመልስለት ሰው የለም።

መድኃኒቱ ከሻጩ ሱቅ ይጀምራል። ኢንቮይሱ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መስመር፣ ስሙ፣ የተሠራበት ብረት፣ መጠኑ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱና ዋጋው ይኑረው። «ብሎን፣ ብረት፣ 40 ኪሎ» የሚል መስመር «መለዋወጫ» ከሚል ቃል ይሻላል። ብሎኑና ሚስማሩ (ሚስማር 7317 ነው) በተለያየ ካርቶን ቢታሸጉ ፍተሻው ያጥራል። ነጋዴው ዲክላራሲዮኑ ከመቅረቡ በፊት የኮዱን ዝርዝር ከትራንዚተሩ ጠይቆ መስመር በመስመር ያመሳክር።