ወደ ሐይቁ የሚገባው ምንድን ነው?

የዛሬው ትምህርታችን እዚሁ ሊባኖስ ውስጥ ካለ ሐይቅ ነው።

ቀርኡን ሐይቅን አንዳንዶቻችን ከአሠሪዎቻችን ጋር ሽርሽር ስንሄድ አይተነዋል። ቤካ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ሰው ሠራሽ ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. የሊታኒ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ። ሲሞላ 220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ በአገሩ ካሉት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ትልቁ እሱ ነው። ለመብራትና ለመስኖ ተብሎ ቢሠራም ውሃ ባለበት ሕይወት አይጠፋም። አሳ አጥማጁ ጀልባውን ይዞ መጣ፣ ዳር ዳሩን ምግብ ቤት ተከፈተ፣ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ወፎችም ማረፊያ አገኙ። ወደ እኛ አገር የሚመጣው ራዛ እንኳን በዚሁ በቤካ በኩል ያልፋል።

ታዲያ ምን አበላሸው? ሐይቁ ራሱ ምንም አላጠፋም። ከላይ ካሉት ከተሞች ያልተጣራ ፍሳሽ፣ ከፋብሪካ ቆሻሻ፣ ከእርሻ ማዳበሪያ ወደ ሊታኒ ይገባል፤ ሊታኒም የያዘውን ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ይደፋል። ማዳበሪያና ፍሳሽ አልጌን ያፋፋል፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይሸታል። ከአልጌው አንዳንዱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። በ2018 ከሐይቁ አሳ ማጥመድ ተከለከለ። በሚያዝያ 2021 ደግሞ ቢያንስ 40 ቶን የሞተ አሳ ዳርቻው ላይ ተከመረ። የሞተው ካርፕ የሚባለው ነው፤ ባለሥልጣናቱ የቫይረስ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሰው እንዳይበላ አስጠነቀቁ።

እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ፦

1. ርካሽ አሳ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትግዙ። «ሰመክ ሚን ዌን?» ብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሻጩ ካልነገራችሁ ተዉት።

2. «ደህና አድርጌ እቀቅለዋለሁ» አትበሉ። መቀቀል ጀርም ይገድላል እንጂ የአልጌውን መርዝ አያጠፋም።

3. ምንጩ ካልጠራ ጅረቱ አይጠራም። ዳርቻውን ቢጠርጉት ሐይቁ አይድንም፤ የሚገባበትን መዝጋት ያስፈልጋል። የእኛም ልብ እንደዚሁ ነው። ቀን የሰማነው ስድብ፣ ማታ በስልክ የምንሰማው ሐሜት ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ፈገግታ ዳርቻውን መጥረግ ነው። ምሳሌ 4፥23ን አንብቡ።

ለውይይት፦ በዚህ ሳምንት ወደ ልቤ ምን ገባ? የትኛውን በር ልዝጋ?

ጌታ ልባችሁን ይጠብቅ። አሜን።