ስንደዶ በስልክ ገበያ
ስለ አነስተኛ ንግድ የቀረበ ጥናት



ንግድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በገበያ ቀን በደባርቅ ሜዳ ላይ የሚዘረጋውን እህል፤ ከዳባት በኩል እየተነዳ የሚመጣውን በግና ፍየል ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው፤ ዕቃውን በእጃቸው ዳስሰው፤ ተከራክረው ይስማማሉ። ዛሬ ግን ሻጩ ደባርቅ፤ ገዢው አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ርቆ ሆኖ ሳይተያዩ የሚገበያዩበት ሌላ ገበያ ተከፍቷል። ይኸውም በኢንተርኔት የሚካሄደው ገበያ ነው። እኔም ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የእጅ ሥራ የሚሠሩበትን ዕቃ በዚህ ገበያ ስለ መሸጥ፤ ካነበብሁትና በቤታችን ከደረሰው ጥቂቱን ለማቅረብ አስቤአለሁ።

1ኛ፤ የእጅ ሥራ ዕቃ ማለት ምንድር ነው?

መሶብ የሚሰፋ ሰው ስንደዶ፤ አክርማ፤ ቀለም የተነከረ አለላና ወስፌ ያስፈልገዋል። ጥልፍ የሚጠልፍ ሰው ክር፤ መርፌና ጨርቅ፤ የሚፈትል ሰው እንዝርትና ባዘቶ ይፈልጋል። በእኛ አካባቢ ልጃገረዶች በመስከረም ወር ስንደዶውን ከየማሳው ዳር እየነቀሉ፤ አስረው ወደ ቤት ስለሚያመጡት፤ ዕቃው እንደ ዕቃ አይቆጠርም። በትልቅ ከተማ ግን ሣሩ የሚነቀልበት ዳር የለም። አንዲት በጡረታ ላይ ያለች እናት በልጅነቷ የተማረችውን ስፌት እንደ ገና ለመሥራት ቢያምራት፤ እጇ ሙያውን ባይረሳም ዕቃውን እንደ ልቧ አታገኝም። በባዕድ አገር የምትኖር ኢትዮጵያዊትማ የባሰ ይቸግራታል። እነዚህ ሰዎች ተሰፍቶ ያለቀ መሶብ ቢሰጧቸው አይረኩም፤ ራሳቸው መስፋት ይፈልጋሉና። ስለዚህ እኛ ከደጃችን የምናልፈው ሣር ለእነርሱ የሚገዛ ዕቃ ነው።

2ኛ፤ ሳይተያዩ መገበያየት አዲስ ነገር ነውን?

አይደለም። ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ዌልስ የሚባል ተራራማ የበግ አገር አለ። በዚያ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ፕራይስ ጆንስ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. ያገሩን የበግ ጠጉር ጨርቅ ከነዋጋው በዝርዝር እያሳተመ በፖስታ መላክ ጀመረ። ገዢዎች በደብዳቤ ያዝዙታል፤ እርሱም ዕቃውን አሽጎ ይልክላቸዋል። የባቡር ሐዲድ መስፋፋትም ንግዱን አፋጠነለት። ከደንበኞቹ መካከል ንግሥት ቪክቶሪያና ስመ ጥሩዋ አስታማሚ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ይገኙ ነበር። ከዚህ የምንማረው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው፤ ከተማውን ሳይለቅ፤ ያገሩን ዕቃ ሩቅ ላለ ሰው መሸጥ እንደሚችል ነው።

በአገራችንም ዘመናዊ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ነው። እነዚያን ቴምብሮች በአውሮፓ የሚገኙ ቴምብር ሰብሳቢዎች ይገዟቸው ነበር። እንግዲህ ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሆን ዕቃ ከኢትዮጵያ ወደ ሩቅ አገር ሲሸጥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል ማለት ነው።

3ኛ፤ የስልኩ ገበያ አሠራር

በዓለም ላይ ለእጅ ሥራ ከታወቁት የኢንተርኔት ገበያዎች አንዱ ኤትሲ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተቋቋመ። በዚህ ገበያ በእጅ የተሠራ ዕቃ፤ ዕድሜው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አሮጌ ዕቃ፤ እንደዚሁም የእጅ ሥራ መሥሪያ ዕቃ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ሻጩ አንድን ዕቃ ለአራት ወር ለማስቀመጥ 20 የአሜሪካ ሳንቲም፤ ዕቃው ሲሸጥ ደግሞ ከዋጋውና ከማጓጓዣው ላይ ከመቶ 6.5 ይከፍላል። በጠቅላላው 20 ዶላር ከተሸጠ ዕቃ ላይ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀነሳል ማለት ነው፤ የገንዘብ ማስተላለፊያው ክፍያ ከዚህ ሌላ ነው። ሻጭ ለመሆን ግን ድርጅቱ ክፍያ በሚያስተናግድበት አገር መገኘት ስለሚያስፈልግ፤ ከእኛ አገር የሚነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይሠራሉ።

በአገር ውስጥ የሚደረገው ንግድ ከዚህ ይቀላል። ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፤ ዋጋውን ጽፎ፤ በቴሌግራም ገጽ ወይም በሌላ የማስታወቂያ ገበያ ላይ ያወጣል። ገዢው በመልእክት ያዝዛል፤ ሻጩም ዕቃውን በፖስታ ወይም በአውቶቡስ ይልካል። ገንዘቡ የሚተላለፈው በባንክ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ባስጀመረው በቴሌብር ነው። ሕጉም ቢሆን አልተረሳም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በስልክ የተጻፈ ቃል እንደ ነፋስ የሚበን ወሬ አይደለም።

4ኛ፤ በቤታችን የደረሰው

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እናቴ ለጎብኚዎች ሙዳይና ትንንሽ መሶብ እየሰፋች ትሸጥ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሲነሣ ጎብኚ ጠፋ። የተሰፋው መሶብ ከግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ አቧራ ለበሰ። የእኔና የእኅቴ የትምህርት ወጪ ግን አልቆመም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ ደውላ፤ «መሶቡን ተዉትና ሣሩን ላኩልኝ፤ ጎረቤቶቼ መስፋት አምሯቸዋል» አለች። በመጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን እኅቴ ሣሩን በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ በቴሌግራም አወጣችው። አንድ እሽግ፤ ይኸውም ስንደዶ፤ አክርማ፤ አራት ቀለም አለላና አንድ ወስፌ ያለበት፤ በ430 ብር እንዲሸጥ ወሰንን።

ከመጀመሪያዎቹ እሽጎች አንዱ አዋረደን። አለላውን ማታ ነክረን፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ስለ ሆነ በቅጡ ሳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልለን ሰደድነው። ከአራት ቀን በኋላ ገዢዋ፤ «ልጆቼ፤ ሣሩ ሻግቶ ሸተተብኝ፤ ቀዩም ነጩን አበላሸው» ብላ ጻፈች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብሁላት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፤

«ገንዘቧን መልስላት» አለችኝ።

«እማ፤ ገንዘቡ እኮ ለደብተር የተቀመጠው ነው። ደግሞስ እርሷ የት ታውቀናለች?» አልኋት።

«እርሷ ባታውቀን እኛ አንተዋወቅም?» አለችኝ።

430ውን ብር በዚያው ማታ መለስሁ። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልገዛችንም። ነገር ግን ወር ያህል ቆይቶ፤ ጎረቤቷ ነኝ ያለች ሌላ ሰው ሁለት እሽግ አዘዘች። ከዚያ ወዲህ አለላውን በጥላ ሥር ሦስት ቀን ሳናደርቅ፤ ቀለሙንም በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽተን አለመልቀቁን ሳናይ አንልክም። በላስቲክ ፋንታ በወረቀትና በጆንያ እንጠቀልላለን፤ ሣር ትንፋሽ ይፈልጋልና።

ሁለተኛው ችግር የእኔው ነው። የገዢዎች መልእክት የሚመጣው በትምህርት ሰዓት ነው። እኔም ስልኬን ከጠረጴዛ ሥር እያየሁ በሒሳብ ፈተና ወደቅሁ። እናቴ ውጤቱን በሰማች ጊዜ፤ «ሣር ሸጬ የማስተምርህ ሣር እንድትሸጥ ነውን?» ብላ ንግዱን ልትዘጋው ተነሣች። በመጨረሻ የተስማማነው በገጻችን ላይ «መልስ የሚሰጠው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው» ብለን እንድንጽፍ ነው። በዚህ ምክንያት ጥሎን የሄደ ገዢ እስካሁን አላየንም፤ እኔም በሚቀጥለው ፈተና አለፍሁ።

5ኛ፤ የሒሳቡ ትምህርት

በክፍል የተማርነው ሒሳብ ለዚህ ንግድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት፤ ቁጥሮቹን ለአያያዝ እንዲመቹ አጠጋግቼ ላቅርብ። ለአንድ እሽግ የስንደዶው ዋጋ 60 ብር፤ የአክርማው 90 ብር፤ የቀለሙና የማገዶው 40 ብር፤ የወስፌው 30 ብር፤ የማሸጊያው 20 ብር ቢሆን፤ ድምሩ 240 ብር ነው። የማጓጓዣውን 80 ብርና የስልኩንና የገንዘብ ማስተላለፊያውን 5 ብር ስንጨምርበት 325 ብር ይሆናል። በ430 ብር ስንሸጠው 105 ብር ያተረፍን መሰለን።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ረስተን ነበር። አንደኛው ድካም ነው። አንድ እሽግ ለማዘጋጀት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱን በ25 ብር ብናስበው 75 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ የአንዱ እሽግ ትክክለኛ ወጪ 400 ብር ነው። ሁለተኛው ብልሽት ነው። ከ10 እሽግ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢመለስ፤ የ10ሩን ወጪ የሚሸከሙት 9ኙ ናቸው። የ10ሩ ወጪ 4000 ብር ሲሆን፤ 9ኙ በ430 ብር ቢሸጡ የሚገኘው 3870 ብር ነው። እነሆ 130 ብር ከሰርን! ዋጋው 500 ብር ቢሆን ግን 4500 ብር ይገባል፤ 500 ብርም ይተርፋል።

ይህን ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ፤ «የእኔን ድካም ማን ይቆጥረዋል?» አለችኝ። እውነት ነው፤ በየቤቱ የእናቶች ድካም አይቆጠርም። ድካሙ ካልተቆጠረ ከዚያው ሽያጭ የሚቀረው 620 ብር ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ያ ገንዘብ የ30 ሰዓት ሥራ ደመወዝ ነው፤ ለሰዓት ሲካፈልም ከ21 ብር ያነሰ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ደብተር ተከፍቶ የእናቴ ሰዓት ይጻፍበታል። ዋጋውንም 500 ብር አድርገነዋል።

6ኛ፤ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ሀ) ሣሩ የሚመጣበት ቦታ። በፓርኩ ክልል ውስጥ ያለውን ሣር ለንግድ ማጨድ አይገባም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየ ሲሆን፤ ከምክንያቶቹም መካከል የዋልያ ቁጥር ማነስና የግጦሽ መብዛት ነበሩ። እኛ የምንሸጠው ከማሳ ዳር የተነቀለውን ነው። ሲነቅሉም ሥሩን መተው ይገባል፤ የከርሞው ሣር ከዚያው ይበቅላልና።

ለ) የመገናኛ መቋረጥ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ንግዱ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ገበያ ብቻ የሚተማመን ቤተ ሰብ መሆን አያሻም፤ የገዢዎችን የስልክ ቁጥር በወረቀት መዝግቦ መያዝም ይጠቅማል።

ሐ) ወደ ውጭ አገር መላክ። ሣር ተክል ስለ ሆነ፤ ብዙ አገሮች ተባይና በሽታ እንዳይገባባቸው የዕፅዋት ጤንነት ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቃሉ። ሳይጠይቁ መላክ ዕቃውን ለማስወረስ ነው።

መ) ፈቃድ። ንግድን ዘወትር ሥራው ያደረገ ሰው የንግድ ፈቃድ ማውጣትና ግብር መክፈል አለበት። ሥራው ከፍ ሲል በስልክ ነው ብሎ መደበቅ አይቻልም።

መደምደሚያ

በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር የተነሡ ቤተ ሰቦች በደባርቅ ሰፍረዋል። እርሻና ከብት ትተው ከተማ የገቡ እናቶች እጃቸው ሥራ ያውቃል፤ ገበያ ግን ያጥራቸዋል። በደባርቅና በዳባት ያሉ ባለ ሙያ እናቶች አንድ ላይ ሆነው አንዷ ስታቀልም፤ አንዷ ስታሽግ፤ ማንበብ የምንችለው ልጆቻቸው ደግሞ መልእክቱን ብንጽፍና ሒሳቡን ብንይዝ፤ የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል፤ ብልሽቱም ያንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው ባያችሁ ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈቱ አትበሉ፤ ነገር ግን በስንት ሰዓት እንደሚዘጉት ጠይቁ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም የፊደልና የሒሳብ ትምህርታችንን በክፍል ብቻ አናስቀረው። ማንበብ የማትችል እናት ያላት ልጅ የገዢን ደብዳቤ ሲያነብላት አንድም ቃል ሳይቀንስ ያንብብላት፤ «ሻግቶ ሸተተብኝ» የሚለውንም ጭምር። እኔ በዚያ ማታ ያንን ቃል ዘልዬ ለማለፍ ፈልጌ ነበር። ዘልዬው ቢሆን ኖሮ ጎረቤቲቱ ሁለቱን እሽግ ባላዘዘች ነበር።