ነጻ ኮርስ በአገና፦ የጎልማሶች አጫጭር የበይነ መረብ ትምህርትና የማጠናቀቅ ጥያቄ

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕንለርን የተባለውን ነጻ የትምህርት ገጽ የከፈተው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮርሴራ፣ ዩዳሲቲና ኤዴክስ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ኮርሶቻቸውን ማቅረብ ጀመሩ። ከሒሳብ አያያዝ እስከ ሕፃናት ጤና በጥቂት ሰዓታት ወይም ሳምንታት የሚያልቁ ኮርሶች ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአገና የሚኖር ጎልማሳም ስልክና ኔትወርክ ካለው ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የተመዘገበው ጎልማሳ ትምህርቱን እንዲያጠናቅቅ የሚያስፈልገው ድጋፍ ምን እንደሆነና ከየት ሊመጣ እንደሚችል ነው።

ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ዓለም አቀፉ መረጃ ያሳያል። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ-ቫሊየንቴ የሃርቫርድና የኤምአይቲ ክፍት ኮርሶችን የስድስት ዓመታት መረጃ መርምረው በ2019 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በ2017/18 እ.ኤ.አ. ከተሳታፊዎች ያጠናቀቁት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተሳታፊው ቁጥር ዕድገትም በአመዛኙ በበለጸጉ አገሮች የተወሰነ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ የተመዘገበ ሁሉ ለመጨረስ አስቦ አይመዘገብም፤ አንዱን ምዕራፍ አንብቦ የፈለገውን ያገኘ ሰው እንደወደቀ ሊቆጠር አይገባም። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀቱን ለሥራ ለሚፈልግ ጎልማሳ ይህ መከራከሪያ ብዙም አይጠቅምም።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ምሳሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ መሠረታዊ ኮርሶች በበይነ መረብ በነጻ ይሰጣሉ፤ ላጠናቀቀም የምስክር ወረቀት አለው። ዓላማው ትልቅ ነው። ሆኖም የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ በቅድሚያ የሚጠቀመው ኮሌጅ የደረሰ ወጣት እንጂ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሱቅ የከፈተ ጎልማሳ አይደለም። የእንዲህ ያለ መርሐ ግብር ስኬት በተመዝጋቢ ብዛት ሲለካ ይህ ልዩነት ከዕይታ ይሰወራል።

ለአገና ይበልጥ ትምህርት ያለው ግን ብዙም የማይወሳ ሌላ ምሳሌ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር በመሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ደረጃ ለማሳደግ 13 ሞጁሎች አዘጋጅቶ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ይዘቱን የጻፉት ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ምሳሌዎቹም ከጤና ኬላ ሥራ የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ሞጁል በአጫጭር የጥናት ክፍሎች ተከፍሎ ለራስ መፈተኛ የሚሆኑ ጥያቄዎች ተካተውበታል። ሠራተኛዋ የታተመውን ሞጁል ይዛ ታጠናለች፣ ከአስተማሪ ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለች፣ የተግባር ልምምድም ታደርጋለች። ስትጨርስ ደረጃዋ ያድጋል። እነዚሁ ሞጁሎች በበይነ መረብ ለማንኛውም አንባቢ በነጻ ተለቀዋል። ብቻውን በስልክ ለሚያነባቸው ሰው ግን ወረቀቱ፣ አስተማሪው፣ ልምምዱና የሚጠብቀው ዕድገት አብረው አይመጡለትም። የሞጁሎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ሠራተኞቹን የደገፋቸውም ይህ በዙሪያው የነበረው አደረጃጀት ነው ማለት ይቻላል።

የቋንቋው ጉዳይ በአካባቢው የቆየ ታሪክ አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ስልጢኛ ከነዚህ አንዱ ነበር፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ ግን አልተካተተም። የእዣ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው። የእንግሊዝኛ ኮርስ ሲቀርብለት በሦስተኛ ቋንቋ እየተማረ መሆኑ ነው።

በሌላ በኩል የስልክ ኮርስ ለጉራጌ ጎልማሳ የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ፤ በጎልማሶች ትምህርት ውይይት ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ተማሪው ሁለት ዓመት በአንድ ቦታ እንዲቆይ ይጠይቃል። የአካባቢው ነጋዴ ግን ኑሮው በአገርና በመርካቶ መካከል ነው፤ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ገብቶ ይመለሳል። በስልክ የያዘው ኮርስ አብሮት ይሄዳል፤ የተጀመረ ትምህርት በጉዞ ምክንያት አይቋረጥም። እንሰት ለመፋቅና ቆጮ ለማዘጋጀት ቀኗ ለሚያልቅባት እናት ደግሞ ዋናው ችግር ቦታ ሳይሆን ሰዓት ነው። ለእርሷ የአሥራ አምስት ደቂቃ ክፍሎች ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ይሻላሉ፤ ይህም ስልኩ በቤተሰቡ ውስጥ በእርሷ እጅ ከሆነ ነው።

ከዚህ አንጻር በጉብሬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አገልግሎት ተልዕኮው ሊይዘው የሚችለው ሥራ አዲስ ኮርስ መፍጠር አይደለም። የተመረጡ ጥቂት ኮርሶችን ያለ ኢንተርኔት በሚከፈቱበት መልክ ማቅረብ፣ በገበያ ቀን አገና ላይ አስረጂ ማስቀመጥ፣ መርካቶ ላይም ተመሳሳይ ቦታ ማመቻቸት ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ የሚሆን የመዋጮ ልምድ አለ፤ በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ተደራጅተው ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ አዋጥተዋል። ከጤናው ሞጁሎች መጀመር የሚቻልበትም ተግባራዊ ምክንያት አለ፦ የተለቀቁት ለንግድ እስካልዋሉና ምንጫቸው እስከተጠቀሰ ድረስ ማባዛትንና መተርጎምን በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ነው። ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ጉራጊኛ ሲመለሱ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅባቸውም፤ የሚቀረው ወጪ የተርጓሚውና የአስረጂው ደመወዝ ነው።