ሃሮም ኦልሞ፦ በሃንጋሪኛ መቁጠርና ማብዛት

የቋንቋ ክበባችን በዚህ ዓመት ሃንጋሪኛ መጀመሩን የሰሙ ወላጆች «ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። የሃንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋመው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ለኢትዮጵያውያንም ለኬንያውያንም ክፍት ነው፤ ከመካከላችንም ለማመልከት የሚዘጋጁ አሉ። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ዳቦ የሚገዛውና ከቤት አከራይ ጋር የሚነጋገሩት ግን በአብዛኛው በሃንጋሪኛ ነው። ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥለን የያዝነው ቁጥርን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ድምፅ ጥቂት እንበል። የሃንጋሪኛ አጭሩ «አ» ከንፈርን ክብ አድርጎ ስለሚነገር ለጆሯችን ወደ «ኦ» ይቀርባል። ሃንጋሪዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ሲነገር የሞጆን ከተማ ስም ጠርቶ መጨረሻው ላይ «ር» እንደ መጨመር ነው፤ «ሞጆር»። ረጅሙ «አ» ግን የእኛው ራብዕ ነው። በሌላ በኩል «ኝ»ን እንግሊዞች ሲቸገሩበት እኛ ከእናታችን ጋር ስንነጋገር የምንውልበት ድምፅ ነው።

ከአንድ እስከ አሥር እንዲህ ይቆጠራል፦ ኤጅ፣ ኬትቶ፣ ሃሮም፣ ኔጅ፣ ኦት፣ ሆት፣ ሄት፣ ኞልትስ፣ ኪሌንትስ፣ ቲዝ። «ኦት» (አምስት) እና የ«ኬትቶ» መጨረሻ የተለመደው «ኦ» አይደሉም፤ «ኤ» ለማለት ተዘጋጅተን ከንፈራችንን ስናሞጠሙጥ የሚወጣው ድምፅ ነው። ለዚህ መስታወት ይዞ መለማመድ ይረዳል፤ የሚስቅ ጓደኛ አጠገብ ባይኖር ይመረጣል።

ከአሥር በላይ ያለው አያስቸግርም። አሥራ አንድ «ቲዜንኤጅ» ነው፤ «በአሥር ላይ አንድ» እንደ ማለት። ሃያ «ሁስ» ሲሆን ሃያ አንድ «ሁሶንኤጅ» ይሆናል። አንዱ «ኤን» ሌላው «ኦን» የሆነበትን ምክንያት ጥቂት ቆይተን እናየዋለን። ከሠላሳ (ሆርሚንትስ) ጀምሮ ማያያዣው ይቀርና «ሆርሚንትስኤጅ» ብሎ መቀጠል ነው። መቶ «ሳዝ»፣ ሺህ «ኤዜር» ይባላል።

አሁን ወደ ብዙ ቁጥር እንሂድ። እኛ «ዎች» ወይም «ኦች» በምንልበት ቦታ ሃንጋሪኛ «ክ» ይጨምራል። ኦውቶ (መኪና) ኦውቶክ፣ ኦልሞ (ፖም) ኦልማክ ይሆናል። ቃሉ በአጭሩ «አ» ካለቀ እንደ ኦልሞ አናባቢው ይረዝማል። ቃሉ በተነባቢ ካለቀ ግን ከ«ክ» በፊት አንድ አናባቢ ይገባል፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወስኑት በቃሉ ውስጥ ያሉት አናባቢዎች ናቸው። ኦስቶል (ጠረጴዛ) ኦስቶሎክ፣ ሃዝ (ቤት) ሃዞክ ሲሆኑ ኤምቤር (ሰው) ኤምቤሬክ፣ ኬርት (የአትክልት ቦታ) ኬርቴክ ይባላሉ። በአፍ ኋላ የሚነገሩት አናባቢዎች ከመሰሎቻቸው ጋር፣ በፊት የሚነገሩትም ከመሰሎቻቸው ጋር ይሄዳሉ። «ቲዜን» እና «ሁሶን» የተለያዩትም በዚሁ ሕግ ነው። የኦስቶሎክና የሃዞክ «ኦ» በሃንጋሪኛ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በእኛ ፊደል ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከነብዙ ቁጥሩ ማጥናት ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ደህና ሄደን ነበር። ችግሩ የመጣው ቁጥሩንና ስሙን አንድ ላይ ስናደርግ ነው። «ሦስት ፖም» በሉ ስንባል ክፍሉ በሙሉ «ሃሮም ኦልማክ» አለ። ስሕተት ነበር። ትክክሉ «ሃሮም ኦልሞ» ነው። በሃንጋሪኛ ከቁጥር በኋላ የሚመጣ ስም አይበዛም፤ ሦስት መባሉ ብዛቱን ነግሮናልና «ክ» ትርፍ ነው። «ሾክ» (ብዙ) እና «ሃኝ» (ስንት) ከሚሉት ቃላት በኋላም እንዲሁ ነው።

ስሕተቱን ከየት እንዳመጣነው ስንፈልግ ከአማርኛ አለመሆኑን አወቅን። እንግሊዝኛ ከቁጥር በኋላ ስሙን ማብዛት ግድ ይለዋል። እዚህ ናይሮቢ በየመንገዱ የምንሰማው ስዋሂሊም «ኪታቡ ኪሞጃ» (አንድ መጽሐፍ) ብሎ «ቪታቡ ቪታቱ» (ሦስት መጻሕፍት) ሲል ስሙንም ቁጥሩንም ይለውጣል። እናቶቻችን ግን ማዕድ ላይ «ሁለት እንጀራ ጨምሪ» ይላሉ እንጂ «ሁለት እንጀራዎች» አይሉም። «አሥር ብር»፣ «ሦስት ቡና»፣ «ብዙ ሰው» እንላለን። ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ለሃንጋሪኛው ከትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ይልቅ ቅርብ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላችን አማርኛው የሚከብደው ልጅ ያን ዕለት አያቱ ጋ ስልክ ደውሎ ዕቃ ሲያስቆጥራት ማምሸቱን ነግሮናል።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በአማርኛ «ሦስት ልጅ» ማለትም «ሦስት ልጆች» ማለትም ይቻላል፤ ግሱም አብዛኛውን ጊዜ «መጡ» ይሆናል። ሃንጋሪኛ ምርጫ አይሰጥም፤ ግሱም ነጠላ ነው። «ሃሮም ጄሬክ ያትሲክ» ማለት ቃል በቃል «ሦስት ልጅ ይጫወታል» ነው። ቁጥር ከሌለ ግን «ኦ ጄሬኬክ ያትሶኖክ»፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ይባላል። «ብዙ ሰው መጣ» የሚለውን አነጋገራችንን ማስታወስ እዚህ ላይ ጠቅሞናል።

ሁለት ቁጥር ሁለት መልክ አለው። ብቻውን ሲቆም «ኬትቶ»፣ ከስም በፊት ሲመጣ «ኬት» ነው፤ «ኬት ኦልሞ»። እዚህ ላይ ከሰባት ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኬትሳዝ 200፣ ሄትሳዝ 700 ነው። በገበያ ልምምዳችን ላይ ሻጭ የሆነው ልጅ 200 ፎሪንት ሲል ገዢዋ 700 ቆጥራ ሰጠችው፤ እሱም ዝም ብሎ ተቀበለ! ሃንጋሪዎች ራሳቸው በስልክ ወይም በጫጫታ መካከል ሲነጋገሩ «ኬትቶሳዝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ያልገባው ሰው «ኬትቶ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

«ሄት» ሳምንት ማለትም ነው። የእኛ «ሳምንት» የ«ስምንት» ዘመድ ሲሆን የእነሱ ሰባት ላይ ቆሟል። በቀናት ስም ግን ተጠንቀቁ። «ፔንቴክ» አምስት ከሚል የስላቭ ቃል የመጣ የዓርብ ስም ነው፤ የእኛ አምስተኛ ግን ሐሙስ ነው። እኛ ከእሑድ ስንጀምር እነሱ ከሰኞ ቆጥረዋል።

በጣም የወደድነው ግን የጥንድ አካላት ነገር ነው። እኛ «እጅህን ታጠብ» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው፤ ሃንጋሪዎችም ዓይንን፣ እጅንና እግርን በነጠላ ይጠራሉ። ታዲያ አንዱን ብቻ ለመለየት ሲፈልጉ «ግማሽ» ይላሉ። «ፌል» ግማሽ፣ «ኬዝ» እጅ ነው፤ «ፌል ኬዝዜል»፣ በግማሽ እጅ፣ ማለት በአንድ እጅ ማለት ነው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ናቸውና።

እስቲ ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ውሻ «ኩትዮ» ነው። ውሾች፣ ሁለት ውሻ፣ ብዙ ቤት፣ አሥር ፎሪንት እና 28 በሃንጋሪኛ ምን ይባላሉ? መልሱ በቅደም ተከተል፦ ኩትያክ፣ ኬት ኩትዮ፣ ሾክ ሃዝ፣ ቲዝ ፎሪንት፣ ሁሶንኞልትስ።