ማሳሰቢያ፦ ቤንዚን ለምትቀዱ፣ ቤት ለምታስቀምጡና እጅ ለምትታጠቡበት

ቤንዚን ሲነሳ የምንፈራው እሳቱን ነው። «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው»፣ «ሞተር ያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ያልለጠፈ ማደያ አይገኝም፤ ደግ አድርገዋል። ይህ ማሳሰቢያ ግን ስላልነደደው ቤንዚን ነው። ከጀሪካን አፍ፣ ከሃይላንድ ክዳን፣ ከመካኒክ መዳፍ ላይ ተንኖ ሳንባ ስለሚገባው።

ነዳጁ የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል ነው። ከውስጡ አንዱ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል ነው፤ ስማቸው እንዳያምታታ ነዳጁን ቤንዚን፣ ይህን ደግሞ «ኬሚካሉ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ድርሻው ትንሽ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በሚሸጥ ቤንዚን ውስጥ ከመቶ 1 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በአሜሪካ ዓመታዊ አማካዩ ከመቶ 0.62 እንዲሆን ተደርጓል። ትንሽነቱ ግን አያዘናጋ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠው ምድብ፣ ከትንባሆና ከአስቤስቶስ ጎራ፣ አስቀምጦታል። የሚያጠቃው ደም የሚመረትበትን መቅኔ ነው። ጉበት ሊያስወግደው ሲሰባብረው ከራሱ የከፉ ነገሮች ይወጡታል፤ መቅኔውን የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። ውሎ ሲያድር የደም ሕዋሳት ቁጥር ይወርዳል፣ ከዚያም ባስ ሲል የደም ካንሰር ይከተላል።

ታዲያ ስንት ቢሆን አይጎዳም? የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አያሰጋም» የሚል ልክ አላስቀመጠም። በስሌቱ መሠረት በአንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ማይክሮግራም ዕድሜ ልክ ቢተነፈስ ከ10,000 ሰው አንዱ ተጨማሪ የደም ካንሰር ይይዘዋል፤ መጠኑ 1.7 ከሆነ ከ100,000 አንዱ። የአውሮፓ ኅብረት ለመንገዱ አየር ያስቀመጠው የዓመት ጣሪያ 5 ማይክሮግራም ሲሆን በ2030 እ.ኤ.አ. ወደ 3.4 ይወርዳል። ለሠራተኛ ሲሆን ቁጥሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ በ8 ሰዓት ፈረቃ የሚፈቅደው ከሚሊዮን 1 እጅ ነው፤ ወደ ማይክሮግራም ሲመለስ 3,200 ገደማ። አንዱ የዓመት፣ ሌላው የፈረቃ አማካይ ስለሆነ እኩል አይመዘኑም የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ቢሆንም ከ600 ጊዜ በላይ የሆነ ልዩነት የተፈጠረው የሠራተኛው መቅኔ ከመንገደኛው ስለጠነከረ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በቻይናዋ ቲያንጂን 250 የጫማ ሠራተኞችን የመረመረ ጥናት ከዚህ ከተፈቀደው በታች እየተነፈሱም የደም ሕዋሳቸው መውረዱን አሳይቷል።

ስለዚህ ነገሩ ከከተማው አየር ይልቅ የክንድ ርቀት ጉዳይ ነው። ማሳሰቢያውም ከዚያው ይጀምራል።

በአፍ አትሳቡ። ቱቦ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ በአፍ ስቦ ማፍሰስ ባጃጅና ሞተር ባለበት ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። የጎማ የእጅ ፓምፕ ውድ ዕቃ አይደለም፤ እሱም ከሌለ ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ በማጥለያ ማንቆርቆር ይሻላል። ሰው ቢውጥ «አስመልሰው» አትበሉ፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና፣ የሳንባው ጉዳት ከሆዱ ይከፋል። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እጅም ዕቃም በቤንዚን አትጠቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጋራዥ ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል፦ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ግማሽ ድረስ ቤንዚን፣ ውስጡ የተፈታታ ካርቡራተር፣ ከላዩ ያጎነበሰ ረዳት። በብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ቀዳዳውን በአፉ እፍ ይላል፣ እንደገና ይነክራል። አመሻሽ ላይ በዚያው በጠቆረው ቤንዚን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ጭንቅላቱ ከጀሪካኑ አፍ ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ እዚያ የሚተነፍሰውን አየር ከተማ መሀል የተሰቀለ መለኪያ አያውቀውም። በዚህ ላይ ቤንዚን የቆዳን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፤ የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ የበለጠ ያስገባል።

ምትኩ እዚያው ጋራዡ ውስጥ አለ። ለእጅ ሰጋቱራና ኦሞ፣ ቅባቱ እምቢ ካለ በቅድሚያ ትንሽ የምግብ ዘይት። ለዕቃ ሙቅ ውኃና ኦሞ፤ ካልሆነ ናፍጣ። ናፍጣ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚተን፣ ከዚህ ኬሚካልም ያለው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለማጠቢያ ይሻላል። (ጭሱ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመዝግቧል።) ውጭ፣ ነፋስ ባለበት እጠቡ። ስስ የሐኪም ጓንት ኬሚካሉን ብዙም አያግደውም፤ ነዳጅ እንዲቋቋም የተሠራ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል። ለባለ ጋራዦች፦ ይህን ሥራ ሁልጊዜ ለትንሹ ልጅ አትተዉለት።

ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ነዳጅ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም ሰው ለምን እንደሚያጠራቅም ይገባኛል። ግን ከአልጋ ሥር የተደበቀ ጀሪካን፣ ሱቅ ጥግ በሃይላንድ የተደረደረ ቤንዚን ክዳኑ ቢጠብቅም ይተናል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ምንጣፍ ላይ የሚድኸውና ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚተኛው ቀድሞ ያገኘዋል። ሌባ ፈርታችሁ ሞተር ሳይክል ሳሎን የምታሳድሩም ያው ናችሁ፤ በረንዳ ላይ በሰንሰለት እሰሩት። በአሜሪካዋ አላስካ፣ አንኮሬጅ ከተማ፣ መኪና ማሳደሪያቸው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ቤቶች ውስጥ ኬሚካሉ ከፍ ብሎ የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የግድ ከሆነ ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ዕቃ፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ከማድቤትም ርቆ።

አፍንጫችሁን መለኪያ አታድርጉት። «ሽታው ደስ ይለኛል» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ሽታው ከመጣ እየተነፈሳችሁት ነው፤ ከጠፋ ደግሞ አፍንጫ ለምዶት ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ማደያ የሚቆም ሰው «እኔ እኮ አይሸተኝም» ቢል አይፈረድበትም፣ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ማደያ ስትገቡ መስኮት ዝጉ። በሞተር የመጣችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ፈንጠር በሉ። ማፍሰሻው ራሱን ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ፤ ታንኩ ሲሞላ የሚወጣው አየር በነዳጅ እንፋሎት የተሞላ ነው፣ የሚወጣውም ቀጂዋ ፊት ላይ ነው።

ለቀጂዎች ጥቂት ልጨምር። ኪስ ውስጥ የሚያዝ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ጣሉ። ዩኒፎርም ላይ ከፈሰሰ ፈረቃው እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ወዲያው ቀይሩ፤ ቤት ወስዳችሁም ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉት። ምሳ ማፍሰሻው ሥር አይበላም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ለአለቃችሁ ንገሩ፣ ኬሚካሉ ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያልፋልና። አለቃ ሆይ፣ ስትነግርህ ወደ ሌላ ሥራ አዛውራት እንጂ አታሰናብታት።

የጨርቅም ሆነ የሐኪም ማስክ አያድናችሁም። አቧራ ይይዛል፤ ጋዝ ያሳልፋል። የሚሠራው ባለ ከሰል ማጣሪያ፣ ለኬሚካል እንፋሎት የተሠራው ብቻ ነው፣ እሱም ማጣሪያው በየጊዜው ከተቀየረ።

ወተትም አያጥበውም። ቀለም ቀቢውም መካኒኩም ማታ ማታ ወተት ይጠጣል፤ አንዳንድ አሠሪም ወተት መግዛቱን የሠራተኛ ደህንነት አድርጎ ይቆጥረዋል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ የገባውን ኬሚካል ግን አያወጣም። አረቄማ ይብሳል፤ አልኮል ጉዳቱን እንደሚያከፋው በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል።

ማስቲሽና ቲነር የምትጠቀሙ ጫማ ሠሪዎች፣ የኢስታንቡልን ነገር እወቁ። ቱርካዊው የደም ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ይዟቸው ከሚመጡት ውስጥ ጫማ ሠሪ እንደሚበዛ አስተዋለ። ሰዎቹ አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል፣ ኬሚካሉ በበዛበት ማጣበቂያ ይሠሩ ነበር። ከ28,500 ገደማ ሠራተኞች 26ቱ ታመው አገኘ፤ በዓመት ሲሰላ ከሕዝቡ እጥፍ ያህል ነበር። ኬሚካሉ ከማጣበቂያው እየወጣ ሲሄድ ሕመምተኛውም ቀነሰ። ዛሬ ብዙው ማጣበቂያ በሌላ ኬሚካል ነው የሚሠራው፤ ቆርቆሮው ላይ ምን እንዳለ ካልተጻፈ ግን አትግዙ፣ የገዛችሁትንም በር ከፍታችሁ ተጠቀሙ። ማስቲሽ ለሚስቡት የጎዳና ልጆች የሚሸጥ ባለሱቅ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል፤ እሱን የሚመለከተው ማሳሰቢያ ሳይሆን ሕግ ነው።

ቤት ውስጥ ሲጋራ አታጭሱ። ለሚያጨስ ሰው ትልቁ የኬሚካሉ ምንጭ ማደያው ሳይሆን ሲጋራው ነው። ከሰል፣ ዕጣንና ማገዶም ያወጡታል። ቡናው ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ አስገቡ። ፌስታልና ፕላስቲክ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ።

ውጭ አገር ያላችሁም፣ በተለይ በአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ የምትሠሩ ወገኖች፣ የአየር ማስወጫው ሲበላሽ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ። መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ማሞቅ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይደረግ።

ለሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ሁለት ነገር ብቻ። መንገድ ዳርና ማደያ አጠገብ ለሁለት ሳምንት ተሰቅለው ከዚያ በላቦራቶሪ የሚነበቡ፣ ኬሚካሉን የሚለኩ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ስቀሉ፣ ውጤቱንም አውጡ። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ሲገዛ ውሉ ላይ ኬሚካሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፣ ሕዝብም ይወቀው። ሌላ አገር ወደብ ሳይደርስ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ፣ ከቤንዚን ጋር የምትውሉ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ተመርመሩ፤ ውጤቱንም አትጣሉ፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ኢንፌክሽን፣ የድድ መድማት፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳ ካያችሁ ዓመቱን አትጠብቁ። ለሐኪሙ ሥራችሁን ንገሩት፤ «መካኒክ ነኝ» ብቻ ሳይሆን «በቤንዚን ዕቃ አጥባለሁ» በሉት። በሽንት የሚደረግ ምርመራ ከታዘዘ ደግሞ በዕረፍት ቀን አትሂዱ፣ ፈረቃ እንደጨረሳችሁ ስጡ፤ ኬሚካሉ አብዛኛው በሁለት ቀን ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ሰኞ ጠዋት የሚሰጥ ሽንት ምንም ላያሳይ ይችላል።