ልምድ ያካበተ ማዕበል ጋላቢ አሠልጣኝ ለምን ያስፈልገዋል?

ሰርፊንግ በሚል ስም የሚታወቀው የማዕበል ግልቢያ፣ ሰው በአንድ ጣውላ ላይ ቆሞ ወደ ጠረፍ በሚገሠግሥ ማዕበል ገጽ ላይ የሚንሸራተትበት ስፖርት ነው። መነሻው የፖሊኔዥያ ደሴቶች፣ በተለይም ሃዋይ ነው። ሃዋያዊው የኦሊምፒክ ዋናተኛ ዱክ ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1915 በአውስትራሊያ ያሳየው ትርኢት ስፖርቱ በዚያች አገር እንዲስፋፋ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሆን፣ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ውድድሩ የተደረገው ከፈረንሳይ እጅግ ርቃ በምትገኘው በታሂቲ ደሴት፣ ቴአሁፖ በተባለው ሥፍራ ነበር።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት አብዛኛው አንባቢ ይህን ስፖርት የሚያውቀው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስፖርቱ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ከባሕር ርቆ ለሚኖርም ሰው ይሠራል። ይኸውም፣ አንድን ሥራ ለሃያ ዓመት ሲሠራ የኖረ ሰው ከጎኑ ቆሞ የሚመለከተው አሠልጣኝ ምን ሊጨምርለት ይችላል? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስና ከእንቅስቃሴ ትምህርት ጥናት አንጻር እንመለከተዋለን።

የማዕበሉ ፊዚክስ ባጭሩ

ማዕበል ከሩቅ ይመጣል ስንል ውሃው ራሱ ከውቅያኖስ መካከል ተነሥቶ ጠረፍ ይደርሳል ማለታችን አይደለም። የሚጓዘው ነፋስ በውሃው ገጽ ላይ ያሳደረው ኢነርጂ ነው። ጥልቀቱ ከፍተኛ በሆነ ባሕር ላይ በየ14 ሰከንዱ የሚደጋገም ሞገድ ጉብታው በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ኢነርጂው ግን የሚጓዘው በዚህ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሞገዱ ወደ ጠረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ይሆናል። የመሬት ስበት ሽምጠጣን በጥልቀቱ አባዝተን የውጤቱን ካሬ ሥር ብንወስድ ፍጥነቱን በግምት እናገኛለን። ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ቢሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የማዕበሉ ቁመት የጥልቀቱን ሦስት አራተኛ ያህል ሲያልፍ ደግሞ ጫፉ ከሥሩ ስለሚቀድም ማዕበሉ ይናዳል።

ለግልቢያ የሚመች ማዕበል በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይናድም፤ ከአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ጎን እየተናደ ይሄዳል። ጋላቢው ምንጊዜም ከሚናደው ነጥብ ጥቂት ቀድሞ መገኘት አለበት። የናዳው ነጥብ በሚጓዝበት መስመርና ገና ባልተናደው የማዕበል ጉብታ መካከል ያለውን ማዕዘን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ያደረጉት ጄምስ ዎከር ከጋላቢው ችሎታ ጋር አያይዘው ተመልክተውታል። የጋላቢው አስፈላጊ ፍጥነት የሚገኘው የማዕበሉን ፍጥነት ለዚህ ማዕዘን ሳይን በማካፈል ነው። ማዕበሉ በሰከንድ 5 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን በሰከንድ 5.8 ሜትር፣ 45 ዲግሪ ሲሆን 7.1 ሜትር፣ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 10 ሜትር ያስፈልገዋል። ከዚህ የምንረዳው ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር የሚፈለገው ፍጥነት በፍጥነት እንደሚያድግ ነው። ስለሆነም በዝግታ በሚናድ ማዕበል ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት፣ ፈጥኖ በሚናድ ማዕበል ላይ ጋላቢውን ከናዳው ሥር ያስቀረዋል።

ጥቂት ደቂቃዎች፣ ብዙ ዓመታት

ስለ ልምድ ስንናገር የምንቆጥረው ዓመታትን ነው። ነገር ግን በባሕር ላይ ያለፈ ሰዓት ሁሉ የግልቢያ ሰዓት አይደለም። የጋላቢዎችን እንቅስቃሴ በሰዓት የለኩ የተለያዩ ጥናቶች እንዳሳዩት ከጊዜው ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በጣውላው ላይ ተኝቶ በእጅ በመቅዘፍ ነው፤ ከቀሪው የሚበዛው ተቀምጦ ማዕበል በመጠበቅ ያልፋል። በእግር ቆሞ የሚጋለብበት ጊዜ ከጠቅላላው ከመቶ 10 እጅ በታች ነው።

ስሌቱን እንቀጥል። ግልቢያው የጊዜውን ከመቶ 5 እጅ ቢይዝ፣ በሁለት ሰዓት ቆይታ ጋላቢው የሚያገኘው 6 ደቂቃ ብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ባሕር የሚገባ ሰው በዓመት የሚጋልበው ከ16 ሰዓት የማይበልጥ ይሆናል። በገና የሚደረድር ሰው ይህን ያህል ልምምድ በሁለትና ሦስት ሳምንት ሊጨርሰው ይችላል። ከዚህም በላይ በገና ደርዳሪው ያንኑ ዜማ ደግሞ ደጋግሞ ሊመልሰው ሲችል፣ ጋላቢው ግን ያንኑ ማዕበል ሁለተኛ አያገኘውም። ግልቢያው ያልተሳካው በእርሱ ጥፋት ይሁን በማዕበሉ ጠባይ ለመለየት የሚያስችለው ንጽጽር የለውም።

በዚህ ረገድ የአገራችንን ሯጮች ማሰብ ይጠቅማል። እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ አሠልጣኞች ያሠለጠኗቸው የዓለም ሻምፒዮኖች ልምድ አጥተው አልነበረም አሠልጣኝ ያስፈለጋቸው። ሯጩ ግን ቢያንስ 400 ሜትር የሆነ የመሮጫ መም እና የማይዋሽ ሰዓት አለው፤ እያንዳንዱ ዙር ቁጥር ይሰጠዋል። ማዕበል ጋላቢው መምም ሰዓትም የለውም። ሰዓት ያለው ሯጭ አሠልጣኝ ካስፈለገው፣ ሰዓት የሌለውማ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የማይጥል ስሕተት

እ.ኤ.አ. በ1967 ፖል ፊትስና ማይክል ፖዝነር የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን የእንቅስቃሴ ትምህርት በሦስት ደረጃዎች እንደሚያልፍ አመልክተዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪው እያንዳንዱን ድርጊት እያሰበ ይሠራል። በሁለተኛው ድርጊቶቹን እያያያዘ ስሕተቱን ይቀንሳል። በሦስተኛው ደረጃ እንቅስቃሴው ያለ ሐሳብ በራሱ ይካሄዳል። ሦስተኛው ደረጃ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ጋላቢው ስለ እግሩ ማሰቡን ትቶ ማዕበሉን ለማንበብ ይችላል። ነገር ግን ስሕተትም ከትክክሉ ጋር አብሮ ልማድ ይሆናል። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንዳስገነዘቡት፣ ችሎታን የሚያሳድገው ሥራውን መደጋገም ብቻ ሳይሆን ጉድለትን ለይቶ በዚያ ላይ ያነጣጠረ ልምምድ ማድረግ ነው።

ጀማሪ ሲሳሳት ይወድቃል፤ ስለዚህ መውደቁ ራሱ መምህሩ ነው። ልምድ ያለው ጋላቢ ግን ተሳስቶም አይወድቅም። ስሕተቱ የሚያስከፍለው ጥቂት ፍጥነት ብቻ ነው። ይህን በቁጥር እንመልከት። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋላቢ ከማዕበሉ ግርጌ በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነት፣ ራዲየሱ 4 ሜትር በሆነ ቅስት ላይ ቢዞር፣ ወደ ክቡ ማዕከል ያለው ሽምጠጣ የመሬት ስበት ሽምጠጣን 1.25 ጊዜ ያህላል። ይህ ከስበት ጋር ሲደመር እግሮቹ የሚሸከሙት ክብደት ከተለመደው 1.6 እጥፍ ይሆናል። ጋላቢው በዚህ ጊዜ የታጠፉ ጉልበቶቹን ዘርግቶ የሰውነቱን ማዕከል በ30 ሳንቲ ሜትር ቢያነሣ፣ ልክ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ሕፃን እንደሚያደርገው ሁሉ ሥራ ይሠራል። የውሃውን መጎተት ትተን ብናሰላ፣ 200 ጁል ያህል ወደ እንቅስቃሴ ኢነርጂው ይጨመራል፤ ፍጥነቱም ከ7 ወደ 7.4 ሜትር በሰከንድ ያድጋል።

የሩብ ክብ ዙሩ የሚፈጀው ግን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ጋላቢው ጉልበቱን የሚዘረጋው ከዙሩ በኋላ፣ ክብደቱ ወደ ተለመደው ከተመለሰ፣ ትርፉ አብዛኛው ይቀርበታል። አይወድቅም፤ ዞሮ ይወጣል፤ ማዕበሉንም ይጨርሳል። በሚቀጥለው ቀንም ያንኑ ይደግማል። አሥር ዓመት ቢደግመው ስሕተቱ አሥር ዓመት ይጠነክራል እንጂ ራሱን አይገልጥም።

የውስጥ ጆሮ የማይለየው ነገር

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ልምድ ያለው ሰው ስሕተቱን በአካሉ ሊሰማው አይገባምን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን የምናገኘው ከአንድ የታወቀ የፊዚክስ መርህ ነው። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳመለከተው፣ በአንድ ውስን ሥፍራ የሚገኝ ተመልካች ስበትን ከሽምጠጣ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። በውስጥ ጆሯችን የሚገኙት ሚዛን ጠባቂ አካላትም ለዚሁ ሕግ የተገዙ ናቸው። የሚሰማቸው የስበትና የሽምጠጣ ድምር ውጤት ነው፤ ሁለቱን ነጣጥለው አያውቁም። በደመና ውስጥ የሚበር አብራሪ የአውሮፕላኑን ማዘንበል ሳያውቅ የሚቀረው በዚህ ምክንያት በመሆኑ፣ ከስሜቱ ይልቅ መሣሪያዎቹን እንዲያምን ይማራል።

ከላይ በጠቀስነው ዙር ጋላቢው ሚዛኑን ለመጠበቅ ከቀጥታው 51 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ሆኖም ድምሩ ከራሱ ወደ እግሩ ስለሚያልፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ያህል ይሰማዋል። ሰፋ አድርጎ ዞሮ 30 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብልም ያው ቀጥ ብሎ የመቆም ስሜት ነው ያለው። የእግሩ ጫና ልዩነት ቢኖረውም፣ ማዕበሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የጫናውን መጠን ለመለኪያነት አይጠቀምበትም። ዓይኑም የሚያየው ማዕበሉን እንጂ ራሱን አይደለም።

አበው «ማን ይናገር የነበረ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የነበረው ሰው ራሱ ያላየውን፣ በጠረፍ ቆሞ የተመለከተው ያየዋል። ከጠረፍ የቆመ ተመልካች አድማሱን እንደ ማነጻጸሪያ ስለሚጠቀም የማዘንበሉን ማዕዘን፣ የጉልበቱን መታጠፍና የዙሩን ስፋት ያለ ችግር ይለያል።

አሠልጣኙ ምን ይሠራል?

የጥሩ አሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራ መመልከት ነው፤ ዛሬ በቪዲዮ ካሜራ ይታገዛል። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ካሱሪና በተባለች የጠረፍ ከተማ የሚገኘው የሰርፊንግ ማሠልጠኛ ማዕከል ለዚህ ዓይነት ሥራ የተቋቋመ ነው። ሰው ሠራሽ ማዕበልም ሌላውን ችግር አቃልሎታል። 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ይፋ ያደረገው፣ በካሊፎርኒያ ሌሙር አጠገብ የሚገኘው ገንዳ ከባሕር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ማዕበል ደጋግሞ ያስነሣል። በዚህም ጋላቢው ባሕር ያልሰጠውን ንጽጽር ያገኛል።

ሁለተኛው ሥራ ያዩትን በአግባቡ መናገር ነው። ተመራማሪዋ ጋብሪየለ ቩልፍ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ ተማሪው ትኩረቱን በገዛ አካሉ ላይ ሳይሆን ድርጊቱ በውጭ በሚያስከትለው ውጤት ላይ ሲያደርግ የተሻለ እንደሚማር አሳይተዋል። «የኋላ እግርህን ተጫን» ከማለት ይልቅ «የጣውላውን ጠርዝ ውሃው ውስጥ ቅበር» ማለት ይመረጣል። ይህ በተለይ ልምድ ላለው ሰው ይጠቅማል፤ ያለ ሐሳብ የሚሠራውን እንቅስቃሴ አያናጋበትምና።

ሦስተኛው መጠንን ማወቅ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ እርማት የሚሰጠው ተማሪ በእርማቱ ላይ ተደግፎ እንደሚቀርና እርማቱ ሲቋረጥ እንደሚዳከም የእንቅስቃሴ ትምህርት ጥናቶች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ብልህ አሠልጣኝ አስቀድሞ «አንተ ምን ተሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ቪዲዮውን ያሳየዋል። ጋላቢው የተሰማውንና የታየውን ሲያነጻጽር ስሜቱን ራሱን ያርማል። ግቡም ይኸው ነው።

የተቃውሞው ሚዛን

ባሕሩ ራሱ ከሁሉ የበለጠ መምህር ነው የሚሉ አሉ። የጥንት ሃዋያውያን ያለ ካሜራና ያለ ማሠልጠኛ ማዕከል እጅግ የላቁ ጋላቢዎች እንደነበሩም ያስታውሳሉ። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ማዕበልን ማንበብ በማንም ቃል አይተላለፍም፤ ሥፍራ የሚመርጥ ዓይን የሚገኘው በብዙ ሰዓት ጥበቃ ነው። ሆኖም ባሕሩ የሚነግረን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። የጥንቶቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አልተማሩም፤ ግልቢያ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ የጋራ ተግባር ስለነበረ ልጁ በታላላቆቹ ፊት ይጋልብ ነበር። ተመልካች ነበረው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥጋት አሠልጣኝ የጋላቢውን የራሱን ስልት ሊያጠፋበት ይችላል የሚለው ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ሁሉን በአንድ ቅርጽ ለማውጣት የሚሞክር አሠልጣኝ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል። ፊዚክሱ ኢነርጂ የሚገኝበትን ጊዜ ይወስናል እንጂ እጅ በየት በኩል እንዲዘረጋ አያዝም። አሠልጣኙም በዚህ ልክ ቢወሰን መልካም ነው።

ጉዳዩ የውድድር ነጥብ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። እንደ ቴአሁፖ ባሉ ሥፍራዎች ከባዱ ማዕበል የሚናደው ጥልቀት በሌለው ስለታም የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። በዚያ 0.4 ሜትር በሰከንድ የፍጥነት ጉድለት ከናዳው በመውጣትና ከኮራሉ ላይ በመውደቅ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን ብናመጣው አስቸጋሪ ይሆናል። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ልምድ ያካበትን፣ ትምህርት ስንሰጥ የማንወድቅ ሰዎች ነን፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወጥተን እንሄዳለን። ተማሪው ያልገባውን ደግሞ የምናውቀው ከወራት በኋላ በፈተና ወረቀት ነው፤ ያን ጊዜም የነገረን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። በወንበሩ ረድፍ መጨረሻ ተቀምጦ፣ ተማሪዎቹ እስክሪብቶ ያስቀመጡባትን ደቂቃ በማስታወሻው የሚመዘግብ አንድ ባልደረባ ለእያንዳንዳችን ቢኖረን ወጪው ከካሜራም ያነሰ ነው። የሚጠይቀው በወር አንድ ሰዓትና ለመታየት ፈቃደኛ መሆንን ብቻ ነው።